የሦስት ዓመት ንግሥት፤ የአን ቦሊን ሕይወት በሙዚቃ ሲነገር

ባለፈው ወር ለተማሪዎቼ የእንግሊዝን ታሪክ ሳስተምር የንጉሥ ሄንሪ 8ኛን ስድስት ሚስቶች ስም በጥቁሩ ሰሌዳ ላይ በተራ ጻፍሁ። እንደ መምህራን ልማድም በየስማቸው አጠገብ አንዳንድ ቃል ጨመርሁ፤ የተፈታችውን «ተፈታች»፥ የተሰየፈችውን «ተሰየፈች» አልሁ። ተማሪዎቹም ሳይጠይቁ በደብተራቸው ገለበጡት። ለፈተና የሚበቃ ነገር ነው።

ደወሉ ሊደወል ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ከኋላ የምትቀመጥ አንዲት ተማሪ እጇን አነሣችና፥ «መምህር፥ ንጉሡ ይህን አደረገ፥ ዳኞቹም ይህን ፈረዱ ብለው ነገሩን። እርሷ ራሷስ ምን አለች?» ስትል ጠየቀችኝ። የጠየቀችኝ ስለ ሁለተኛዪቱ ስለ አን ቦሊን ነበረ። የሚያጠግብ መልስ ስላልነበረኝ «በሚመጣው ሳምንት እነግርሻለሁ» ብዬ መጽሐፌን ዘጋሁ።

እነሆ፥ ይህ ጽሑፍ የዚያ ሳምንት ፍለጋዬ ውጤት ነው። ነገሩ ያሰብሁትን ያህል ቀላል አልሆነልኝም፤ ከንግሥቲቱ እጅ የወጣ ጽሑፍ እጅግ ጥቂት ነውና። ንጉሡ ለእርሷ የጻፋቸው 17 የፍቅር ደብዳቤዎች በቫቲካን ቤተ መጻሕፍት እስከ ዛሬ ተጠብቀው ይኖራሉ፤ እርሷ የሰጠችው መልስ ግን የለም። መልኳን ለማየት የሚፈልግ ሰው እንኳ በሕይወት ሳለች እንደ ተሠራ በእርግጥ የሚታመንበት ምስል ቢፈልግ፥ በ1534 ከተቀረጸና ፊቱ ከተጎዳ አንድ ሜዳልያ በቀር ብዙ አያገኝም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ይሁን እንጂ አን ቦሊን ዕድሜዋን ያሳለፈችው በሙዚቃ መካከል ነው። ያደገችባቸው ቤተ መንግሥቶች የሙዚቃ ቤቶች ነበሩ፤ ዘውድ ስትጭን ከተማው በዘፈን ተቀበላት፤ ስትወድቅም አብረዋት ከሞቱት አምስት ወንዶች አንዱ ሙዚቀኛ ነበረ። ከሞተች በኋላም ታሪኳን ከመድረክ ያላወረዱት ሙዚቀኞች ናቸው። ስለዚህ ሕይወቷን በሙዚቃ በኩል መከተል ይቻላል። አንድ ጥንቃቄ ብቻ ያስፈልገናል፤ ይኸውም ዘፈን በሰማን ቁጥር «ይህ የማን ድምፅ ነው? የእርሷ ነው ወይስ ስለ እርሷ የሚናገር የሌላ ሰው?» ብለን መጠየቅ ነው።

ከቤቷ የራቀች ልጅ

አን የተወለደችበት ዓመት በትክክል አይታወቅም፤ ከታሪክ ጸሐፊዎች ከፊሎቹ 1501፥ ከፊሎቹ 1507 ይላሉ። አባቷ ቶማስ ቦሊን ፈረንሳይኛ አሳምሮ የሚናገር የንጉሡ መልእክተኛ ነበረ። በ1513 ልጁን ዛሬ በቤልጂክ አገር ወደምትገኘው ወደ ሜኸለን ከተማ ላካት። በዚያም የኦስትሪያዋ ማርጋሪት የኔዘርላንድን አገሮች በእንደራሴነት ታስተዳድር ነበረ። ዘመኑን ለማነጻጸር ያህል፥ በዚያን ጊዜ በኛ አገር በዙፋን ላይ የነበሩት አፄ ልብነ ድንግል ናቸው።

ማርጋሪት ባሏንና ወንድሟን በሁለት ዓመት ያህል ውስጥ በሞት ያጣች ሴት ነበረች። በቤተ መንግሥቷ ፒየር ደ ላ ሩ የተባለው ስመ ጥሩ የሙዚቃ ደራሲ ያገለግል ነበረ፤ ፔትሩስ አላሚሬ የተባለ ጸሐፊም በብራና ላይ በቀለም ያጌጡ የሙዚቃ መጻሕፍት እያሠራ ለአውሮፓ ነገሥታትና መሳፍንት ያቀርብ ነበረ። ለእንግሊዙ ንጉሥ ለሄንሪም ከእነዚህ መጻሕፍት ደርሶታል። የማርጋሪት የራሷ የዘፈን መጻሕፍት እስከ ዛሬ አሉ፤ ብዙዎቹም ዘፈኖች የኀዘንና የስንብት ናቸው። ትንሿ አን በመጀመሪያ ከአገሯ ርቃ የሰማችው ሙዚቃ እንግዲህ ይህ ነበረ።

ከዚህ ዘመን አንድ የእጅ ጽሑፏ ተርፏል፤ በ1514 ለአባቷ በፈረንሳይኛ የላከችው ደብዳቤ ነው። ፊደሉ ግድፈት የበዛበት ነው። እርሷም ይህን ሳትሸሽግ፥ ግድፈቱ የመጣው ያለ ረዳት በራሷ ዕውቀት ብቻ በመጻፏ እንደ ሆነ ለአባቷ ታስረዳለች፤ ቋንቋውንም ተግታ ለመማር ቃል ትገባለች። በባዕድ ቋንቋ የተማርን ሁላችን ይህን ደብዳቤ ስናነብ የራሳችንን የመጀመሪያ ደብተር ማስታወሳችን አይቀርም።

በዚያው በ1514 የሄንሪ እኅት ሜሪ ሽማግሌውን የፈረንሳይ ንጉሥ ሉዊ 12ኛን አገባች። አንም ሙሽራዪቱን ለማገልገል ወደ ፈረንሳይ ተሻገረች። ሉዊ ከሠርጉ በኋላ ሦስት ወር እንኳ ሳይቆይ ጃንዋሪ 1 ቀን 1515 ሞተና ሜሪ ወደ አገሯ ተመለሰች፤ አን ግን የአዲሱ ንጉሥ የፍራንሷ 1ኛ ሚስት የንግሥት ክሎድ ደንገጡር ሆና ሰባት ዓመት ያህል በፈረንሳይ ቀረች።

በፈረንሳይ ቤተ መንግሥት እነ ዣን ሙቶንና ክሎዴን ደ ሰርሚዚ ነበሩ። ሙቶን በተለይ የሚታወቀው ሞቴት በሚባለው የዜማ ዓይነት ነው። ሞቴት ማለት አራት ወይም አምስት ድምፆች የላቲን ቃል ይዘው እያንዳንዱ በራሱ መንገድ የሚሄድበት፥ አንዱ የጀመረውን ሌላው እየተቀበለ የሚከተልበት መዝሙር ነው። ሁሉም ባንድ አፍ አይዘምሩም፤ ነገር ግን አይጣሉም። ሰርሚዚ ደግሞ አጠር ያሉ የፈረንሳይኛ የፍቅር ዘፈኖችን ይደርስ ነበረ። አንም በዚህ ቤት ውስጥ ሉት መምታት፥ መዝፈንና መደነስ ተማረች። ሉት ማለት እንደ ክራር በጣት የሚመታ፥ ሆዱ ግን እንደ ግማሽ እንቁላል የጎበጠ የአውታር መሣሪያ ነው።

በ1521 መጨረሻ ወደ እንግሊዝ ስትመለስ እንግዲህ እንግሊዛዊት ከመምሰል ይልቅ ፈረንሳዊት የምትመስል ወይዘሪት ሆና ነበረ። ማርች 4 ቀን 1522 በካርዲናል ዎልዚ ቤት አንድ የጨዋታ ግብዣ ተደረገ። አረንጓዴ ቤተ ግንብ ተሠርቶ ስምንት ወይዛዝርት በየምግባሩ ስም ተሰይመው በላዩ ቆሙ። ወንዶቹ በብርቱካንና በተምር ግንቡን ሲመቱ፥ ሴቶቹ የጽጌረዳ ውሃና ጣፋጭ ይወረውሩ ነበረ፤ በመጨረሻም ሁሉም ወርደው ደነሱ። ለአን የተሰጣት ስም «ጽናት» የሚል ነበረ።

ንጉሡም ሙዚቀኛ ነበረ

ሄንሪ 8ኛን ብዙዎቻችን የምናውቀው በወፍራም ገላውና በሚስቶቹ ብዛት ነው። በወጣትነቱ ግን ሉትና ቨርጂናል የሚባለውን እንደ ፒያኖ በቁልፍ የሚመታ ትንሽ መሣሪያ የሚጫወት፥ ዜማ የሚደርስ ሰው ነበረ። በብሪታንያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በሚገኝ አንድ መጽሐፍ ውስጥ በስሙ የተመዘገቡ 33 ያህል ድርሰቶች አሉ። ሲሞትም በንብረቱ መዝገብ ላይ ከተቆጠሩት መሣሪያዎች መካከል የዋሽንት ዓይነት ብቻ ከመቶ በላይ ነበረ።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት ማረም ይገባኛል። «ግሪንስሊቭስ» የተባለውን የታወቀ ዘፈን ሄንሪ ለአን ቦሊን ደረሰላት እየተባለ ይነገራል፤ እኔም ተማሪ ሳለሁ አምኜው ነበረ። ነገር ግን ዘፈኑ ለመጀመሪያ ጊዜ በለንደን የአታሚዎች መዝገብ የገባው በ1580 ነው፤ ሄንሪ ከሞተ 33 ዓመት በኋላ ማለት ነው። በስሙ የሚታወቀው መጽሐፍም የተዘጋጀው በ1518 ገደማ፥ አን ገና በፈረንሳይ ሳለች ስለ ሆነ በውስጡ ያሉት የፍቅር ዘፈኖች ለእርሷ የተደረሱ ሊሆኑ አይችሉም። አፈ ታሪኩ ያማረ ነው፤ ዘመኑ ግን አይገጥምም።

ንጉሡ አንን መውደድ የጀመረው በ1526 አካባቢ ነው። በዚያን ጊዜ ከአራጎኗ ካተሪን ጋር ከተጋባ 17 ዓመት ሆኖት ነበረ፤ በሕይወት የተረፈችለት ግን አንዲት ሴት ልጅ ሜሪ ብቻ ነበረች። አን ቅምጥ መሆንን እንቢ አለች። ሄንሪ ጋብቻው እንዲፈርስለት ሮምን ቢለምን ጳጳሱ አልፈቀደም። ስድስት ዓመት ያህል ከፈጀ ክርክር በኋላ ጃንዋሪ 25 ቀን 1533 ገደማ በምስጢር አገባት፤ በ1534ም ምክር ቤቱ ንጉሡን የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የበላይ ራስ አድርጎ በሕግ ደነገገ። አንዲት ሴት «እንቢ» በማለቷ ብቻ ይህ ሁሉ ሆነ ማለት አይቻልም፤ የወራሽ ጉዳይ፥ የሥልጣንና የሃይማኖት ክርክርም ነበረበት። ይሁንና በግብዣው ጨዋታ ላይ የተሰጣት ስም ያለ ቦታው አልዋለም።

ከተማው በሙሉ የዘፈነላት ቀን

ሜይ 29 ቀን 1533 አን ከግሪንዊች ተነሥታ በቴምስ ወንዝ ላይ ወደ ለንደን ግንብ ተጓዘች። የከተማው ነጋዴዎች ማኅበራት ጀልባዎቻቸውን በጨርቅና በሰንደቅ አስጊጠው፥ ሙዚቀኞች አሳፍረው አጀቧት። ሜይ 31 ቀን ደግሞ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ሳለች በቃሬዛ ተቀምጣ በከተማይቱ ውስጥ አለፈች። የጀርመን ነጋዴዎች በአንድ መንገድ ማዕዘን የግሪኮችን የፓርናሶስ ተራራ አስመስለው አቆሙ፤ ከላይ የሙዚቃ አምላክ የሚባለው አፖሎ ተቀምጦ፥ በዙሪያው ሙዛት የሚባሉት የጥበብ አማልክት የተለያየ መሣሪያ ይጫወቱ ነበረ። የዚህ ትርኢት ንድፍ የታላቁ ሠዓሊ የሃንስ ሆልባይን ነው፤ ሥዕሉም በርሊን ይገኛል። ከዚያም አልፋ ስትሄድ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ የቆሙ ወንዶችና ሕፃናት ለእርሷ ውዳሴ የተደረሱ አዳዲስ ዘፈኖችን ዘፈኑላት። በማግሥቱ ጁን 1 ቀን በዌስትሚንስተር ዘውድ ጫነች፤ መዘምራኑም የምስጋናውን መዝሙር በላቲን ዘመሩ።

እንግዲህ የጀመርነውን ጥያቄ እናንሣ፤ ይህ የማን ድምፅ ነው? ይህ የንጉሡ ድምፅ ነው። ግጥሙ በትእዛዝ ተገጠመ፤ ሕፃናቱም የተሰጣቸውን ዘፈኑ። የካተሪን ወዳጅ የነበረው የንጉሠ ነገሥቱ አምባሳደር ሻፕዊ ሕዝቡ ቀዝቅዞ እንደ ተቀበላት ለጌታው ጽፏል፤ እርሱም ቢሆን ጠላቷ ስለ ነበረ ቃሉ እንዳለ አይወሰድም።

ሴፕቴምበር 7 ቀን 1533 አን ወለደች። የሚጠበቀው ወንድ ልጅ ስለ ነበረ የብሥራቱ ደብዳቤዎች «ልዑል» ተብለው አስቀድመው ተጽፈው ነበረ። የተወለደችው ግን ኤልሳቤጥ ሆነች፤ ጸሐፊዎቹም ከቃሉ መጨረሻ አንዲት ፊደል በጠባቡ ቦታ ጨምረው «ልዕልት» አሰኙት። በቢሮ የምትሠሩ አንባቢዎቼ ያቺ በግድ የገባች ፊደል ምን ያህል ነገር እንደምትናገር አታጡትም።

የሙዚቀኛው ቃል

በጃንዋሪ 1536 የአራጎኗ ካተሪን ሞተች። በተቀበረችበት ቀን፥ ጃንዋሪ 29፥ አን ፅንስ አስወረዳት። የንጉሡም ዓይን ወደ ሌላዪቱ ደንገጡር፥ ወደ ጄን ሲሞር ዞሮ ነበረ። ከንጉሡ አማካሪዎች ብርቱ የነበረው ቶማስ ክሮምዌልም ከአን ጋር ተጣልቶ ነበረ። ነገሩ የተጀመረው ግን ከመኳንንቱ በአንዱ ላይ አይደለም፤ በአንድ ሙዚቀኛ ላይ ነው።

ማርክ ስሚተን የሚባለው ይህ ወጣት የአናጢ ልጅ እንደ ነበረ ይነገራል። በድምፁና በመሣሪያ አጨዋወቱ ከካርዲናል ዎልዚ መዘምራን ወደ ንጉሡ ቤት ገባ። በንጉሡ የግል ወጪ መዝገብ ላይ ለማርክ ሸሚዝና የእግር ልብስ እንደ ተገዛለት ተጽፎ ይገኛል፤ ይህም በጌታው ቸርነት የሚለብስ ሰው እንደ ነበረ ያሳያል። ኤፕሪል 29 ቀን 1536 በንግሥቲቱ እልፍኝ መስኮት አጠገብ ተክዞ ቆሞ አን አየችውና ስለ ምን እንዳዘነ ጠየቀችው። እርሱም ምንም አይደለም አላት። እርሷም ዝቅተኛ ሰው ስለ ሆነ እንደ መኳንንት ታናግረኛለች ብሎ ተስፋ ማድረግ እንደማይገባው ነገረችው። እርሱም አንድ እይታ እንደሚበቃው ተናግሮ ሄደ። ይህን ጭውውት የምናውቀው አን ራሷ በእስር ቤት ስለ ተናገረችው ነው፤ የግንቡ ሹምም ሰምቶ ለክሮምዌል ጻፈ። እንግዲህ የእርሷ ድምፅ እዚህ ላይ ይሰማል፤ ድምፁም የሚያስደስት አይደለም። ኩሩ ነበረች፤ ድኻውንም በድኽነቱ ገሠጸችው።

በማግሥቱ ስሚተን ወደ ክሮምዌል ቤት ተወሰደ። አንድ ቀን ያህል ከተመረመረ በኋላ ከንግሥቲቱ ጋር አመንዝሬአለሁ ብሎ አመነ። እንዴት እንዳመነ የሚነገረው የተለያየ ነው፤ ተገርፎ ነው የሚል አለ፥ ተስፋ ተሰጥቶት ነው የሚልም አለ። የታወቀው ነገር፥ ከተከሰሱት አምስት ወንዶች መካከል ያመነው እርሱ ብቻ መሆኑ ነው። ሌሎቹ አራቱ፥ ሄንሪ ኖሪስ፥ ፍራንሲስ ዌስተን፥ ዊልያም ብሬርተንና የአን የገዛ ወንድሟ ጆርጅ ቦሊን፥ እስከ መጨረሻው ካዱ። በእግር ብረት መታሰሩ የተነገረውም የእርሱ ብቻ ነው፤ የመኳንንት ወገን አልነበረምና።

የክሱ ጽሑፍ ቀንና ቦታ እየቆጠረ የተዘጋጀ ነው። በመዝገብ ቤት የሚሠራ ሁሉ እንደሚያውቀው፥ ቀንና ቁጥር ያለበት ጽሑፍ እውነት ይመስላል። ነገር ግን በኋላ ዘመን የተነሡ ታሪክ ጸሐፊዎች ቀኖቹን አንድ በአንድ ሲመረምሩ፥ በብዙዎቹ ቀኖች አን ወይም ተከሳሹ በተባለው ቦታ እንዳልነበሩ አገኙ። ለምሳሌ በኦክቶበር 1533 በዌስትሚንስተር ተፈጸመ የተባለው፥ አን ገና አራስ ሆና በግሪንዊች ሳለች ነው።

በወንድሟ ችሎት ላይ ሙዚቃ ደግሞ ተጠቀሰ። አምባሳደሩ ሻፕዊ እንደ ጻፈው፥ ከቀረቡት ነቀፋዎች አንዱ እርሷና ወንድሟ ንጉሡ በደረሳቸው ዘፈኖች ሳቁ የሚል ነበረ። እስቲ አስቡት! በማርጋሪትና በክሎድ ቤት የአውሮፓን ምርጥ ሙዚቃ ሰምታ ያደገች ሴት የባሏን ግጥም ሰምታ ፈገግ ማለቷ በፍርድ አደባባይ ነውር ሆኖ ተቆጠረ።

አን በችሎት ፊት ቆማ ክሱን አንድ በአንድ ካደች። ሜይ 15 ቀን ሞት ተፈረደባት። አምስቱ ወንዶች ሜይ 17 ቀን ተሰየፉ፤ ስሚተንም የሰጠውን ቃል ሳያነሣ ሞተ። በዚያን ጊዜ በለንደን የነበረ የፈረንሳይ አምባሳደር ጸሐፊ እንደሚለው፥ አን ይህን በሰማች ጊዜ ነፍሱ በዚህ ቃል እንዳትቀጣ ፈራችለት። እርሷ ሜይ 19 ቀን 1536 ከፈረንሳይ ምድር በመጣ ሰያፊ ሰይፍ ሞተች። በመጨረሻ ንግግሯ ንጉሡን አልረገመችም፤ ጥፋተኛ ነኝም አላለች። ዘውድ ከጫነች 1,083 ቀን ሆኗት ነበረ። ሄንሪም በ11ኛው ቀን ጄን ሲሞርን አገባ።

የተፋቀው ስምና የተረፈው መጽሐፍ

ከዚህ በኋላ ሠራተኞች የሄንሪንና የአንን ስም የመጀመሪያ ፊደሎች አጣምረው የያዙትን ጌጦች ከየቤተ መንግሥቱ ማንሣት ጀመሩ። ሁሉንም ግን አልጨረሱም፤ በካምብሪጅ በኪንግስ ኮሌጅ ቤተ ክርስቲያን የእንጨት መጋረጃ ላይ ፊደሎቹ እስከ ዛሬ ተቀርጸው ይታያሉ።

ሌላም ያልተፋቀ ነገር አለ። በለንደን የንጉሣዊው የሙዚቃ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ቁጥር 1070 የተባለ አንድ የእጅ ጽሑፍ ይገኛል። በውስጡ 40 ያህል ድርሰቶች አሉ፤ አብዛኞቹ የላቲን ሞቴቶች ሲሆኑ ጥቂቶቹ የፈረንሳይኛ ዘፈኖች ናቸው። ደራሲዎቹም ጆስኳን ደ ፕሬ፥ ሎይዜ ኮምፔር፥ ዣን ሙቶንና ክሎዴን ደ ሰርሚዚ ናቸው። በአንዱ ገጽ ላይ «ወይዘሪት አ. ቦሊን» የሚል ስም ተጽፎ፥ ከእርሱም ቀጥሎ «አሁን እንዲህ» የሚል የአባቷ መፈክር፥ ከመፈክሩም ቀጥሎ አራት የሙዚቃ ምልክቶች ይገኛሉ፤ ሦስቱ አጫጭር፥ አራተኛው ረጅም።

ወደ 1970 ገደማ ኤድዋርድ ሎዊንስኪ የተባሉ ሊቅ መጽሐፉ ለንግሥቲቱ የተዘጋጀ፥ የጻፈውም ያ ሙዚቀኛ ማርክ ስሚተን ነው ብለው አስተማሩ። ግምቱ ልብ የሚነካ ነው። ነገር ግን በኋላ የመረመሩ ሌሎች ሊቃውንት መጽሐፉ ቀደም ብሎ ከፈረንሳይ ወገን የመጣ ነው ይላሉ። ለእኔ ይህ የሁለተኞቹ ቃል ይበልጥ ያሳምነኛል። ስሟ «ወይዘሪት» ተብሎ መጻፉ ገና የማዕረግ ስም ሳታገኝ እንደ ነበረ ያሳያል፤ ድርሰቶቹም ልጅ ሳለች በፈረንሳይ የሰማቻቸው ሰዎች ሥራ ናቸው። እንግዲህ ይህ የዘውድ መጽሐፍ ሳይሆን የአንዲት ተማሪ መጽሐፍ ሊሆን ይችላል። በ2015 አላሚሬ የሚባሉ መዘምራን ከመጽሐፉ መርጠው በዴቪድ ስኪነር መሪነት ቀርጸውታል፤ ስለዚህ ዛሬ ማንም ሰው ሊሰማው ይችላል።

ሌሎች በአፏ ያኖሩት ዘፈን

አን በእስር ቤት ሳለች ደረሰችው የሚባል «ሞት ሆይ» ብሎ የሚጀምር የእንግሊዝኛ የሐዘን ዘፈን አለ። የእርሷ ለመሆኑ ግን ማስረጃ የለም፤ የወንድሟ ነው የሚሉም አሉ።

ከሁሉ ይበልጥ ስሟን በዓለም ያሰማው የጣሊያኑ ጌታኖ ዶኒዜቲ ነው። «አና ቦሌና» የተባለው ኦፔራው ዲሴምበር 26 ቀን 1830 በሚላኖ በካርካኖ ቲያትር ታየ፤ ጽሑፉን ያዘጋጀው ፌሊቼ ሮማኒ፥ ንግሥቲቱን ሆና የዘፈነችውም ጁዲታ ፓስታ ነበረች። በመጨረሻው ትርኢት አና በእስር ቤት ሳለች አእምሮዋ ይለዋወጥና በልጅነቷ ወደ ኖረችበት ቤት የተመለሰች ይመስላታል። ሙዚቀኛው ስሚተንም በኦፔራው ውስጥ አለ፤ የሚዘፍነው ግን ወንድ ሳይሆን የወንድ ልብስ የለበሰች ወፍራም ድምፅ ያላት ሴት ናት። ኦፔራው ብዙ ዘመን ተረስቶ ከኖረ በኋላ በ1957 ማሪያ ካላስ በሚላኖ በላ ስካላ ቲያትር ዘፍናው እንደ ገና ታወቀ። ከዚያም ወዲህ በ1973 እንግሊዛዊው ሪክ ዌክማን ለስድስቱ ሚስቶች የዘመናዊ ሙዚቃ ሸክላ አወጣ፤ በ2017 ደግሞ «ስድስት» የሚባል የሙዚቃ ተውኔት ወጣቶች በኤድንበራ ጀምረውት እስከ ኒውዮርክ ደረሰ።

እነዚህን ሥራዎች አልነቅፍም፤ ዶኒዜቲን የሰማ ሰው ሊነቅፍ አይችልም። ነገር ግን በመድረኩ የምትዘፍነው አና የጣሊያናውያን ልጅ ናት። እውነተኛዪቱ አን በመጨረሻው ቀን አእምሮዋ አልተለወጠም፤ የተናገረችው ቃል ተቆጥሮና ተመዝኖ የወጣ ነበረ። በኋላ የሚቀሩት ልጇና ዘመዶቿ ነበሩና።

ልጅቷም ሙዚቃን ወረሰች። ከ1558 እስከ 1603 እንግሊዝን የገዛችው ኤልሳቤጥ ቨርጂናል አሳምራ ትጫወት ነበረ፤ በ1564 የስኮትላንዱ መልእክተኛ ጄምስ ሜልቪል ሲሰማት አግኝታዋለች። በ1575ም ቶማስ ታሊስና ዊልያም በርድ የሙዚቃ መጻሕፍትን እንዲያትሙ ብቸኛ ፈቃድ የሰጠች እርሷ ናት።

ወደ ክፍሉ ስመለስ

በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ክፍል ስገባ ከመጽሐፉ አንዱን ሞቴት በስልኬ ይዤ ገባሁ። ተማሪዎቹ መጀመሪያ ሳቁ፤ ከዚያም ዝም አሉ። መዝሙሩ ካለቀ በኋላ ያቺን ተማሪ፥ «የጠየቅሽኝን በሙሉ ልመልስልሽ አልችልም። በችሎት አላጠፋሁም አለች፤ በሞቷ ቀን ማንንም አልረገመችም። ሌላው ቃሏ አብዛኛው ጠፍቷል። ይህን ግን ምናልባት በአንቺ ዕድሜ ሳለች ሰምታዋለች» አልኋት።

ጥቂት አሰበችና፥ «መምህር፥ እንግዲያው ያ ሙዚቀኛስ? እርሱ ራሱ ምን አለ?» አለችኝ። የስሚተን ድምፅ በእርግጥ የቀረልን አንድ ቃል ብቻ ነው፤ እርሱም ሌሎች ሊሰሙት የፈለጉት ቃል ነው። ይህንኑ ነገርኋትና ክፍሉ እንደ ገና ዝም አለ።

በሰሌዳው ላይ በአን ቦሊን ስም አጠገብ «ተሰየፈች» የሚለውን ቃል አልደመሰስሁትም፤ እውነት ነውና። ከሥሩ ግን ያንን አራት ምልክት ሣልሁ፤ ሦስት አጫጭር፥ አንድ ረጅም። ተማሪዎቹም በጣታቸው ዴስኩን እየመቱ ሞከሩት። እናንተም፥ አንባቢዎቼ፥ የታላላቆችን ታሪክ ስታነቡ የተጻፈውን ብቻ ገልብጣችሁ አትለፉ፤ የምትሰሙት ድምፅ የማን እንደ ሆነ፥ ማን ዝም እንደ ተባለም ጠይቁ።